የአይን ነጩ ክፍል ለምን ይቀላል፣ እንዴትስ ጤናው ይጠበቃል

ነጩ የአይናችን ክፍል ስክሌራ ይባላል፣ የአይን ኳሱን ቅርፅ የያዘው ጠንካራ ሽፋን እሱ ነው። ከላዩ ደሞ ኮንጃንክቲቫ የሚባል ስስ ግልፅ ሽፋን አለ፣ አይኔ ቀላ የምንለው ብዙ ጊዜ እዚህ ሽፋን ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ስሮች ሲሰፉ ነው እንጂ ነጩ ራሱ ቀለም ቀይሮ አይደለም። ለዛ ነው አይንን "ማንጣት" ከሚለው ይልቅ ስሮቹን ምን አስቆጣቸው ብሎ መጠየቅ የሚሻለው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ጠብታ ነው። ቅላት የሚያጠፉት እንደ ናፋዞሊንና ቴትራሃይድሮዞሊን ያሉት ስሮቹን ያጠብቡና አይኑ በደቂቃዎች ውስጥ ጥርት ይላል፣ ችግሩ የመድሀኒቱ ሀይል ሲያልቅ ስሮቹ ተመልሰው ይሰፋሉ፣ አንዳንዴም ከበፊቱ ብሶ ይቀላል፣ ሰውየው ደግሞ ይጨምራል፣ እንዲ እንዲ እያለ ካለ ጠብታ መዋል ያቅተዋል። ስቴሮይድ (ብግነት የሚያበርድ ጠንካራ መድሀኒት) ያለበትን ጠብታ ያለ ሀኪም ትእዛዝ መጠቀም ግን ከዚህም ይከፋል፣ የአይን ግፊት ጨምሮ ግላኮማ (የአይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ)፣ ሲቆይም የአይን ሞራ ሊያመጣ ይችላል፣ እባካችሁ የሰው ጠብታ አትዋሱ።

በጣም የተለመደው መንስኤ ድርቀት ነው። በደቂቃ ከ15 እስከ 20 ጊዜ ገደማ እንርገበገባለን፣ ስክሪን ላይ ስናፈጥ ግን ይሄ በጣም ይቀንሳል፣ እንባው ይተንና አይኑ ይቆረቁራል። በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ 6 ሜትር ያህል ርቆ ማየት፣ አስቦ መርገብገብ፣ ካስፈለገም ፕሪዘርቫቲቭ (እንዳይበላሽ የሚጨመር ኬሚካል) የሌለው አርቲፊሻል እንባ፣ ማለትም አይን የሚያረጥብ ጠብታ፣ ይረዳል። አለርጂ ከሆነ ያሳክካል፣ ማሸት ደሞ ያባብሰዋል፣ በቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ መያዝ ይሻላል። ኮንታክት ሌንስ አድርጎ መተኛት ወይ ሌንሱን በቧንቧ ውሃ ማጠብ ለከባድ ኢንፌክሽን ያጋልጣል። ፀሀይ፣ ንፋስና አቧራ የሚበዛበት ሰው ነጩ ላይ ቢጫማ እብጠት ወይ ወደ ብሌኑ የሚያድግ ስጋ ሊወጣበት ስለሚችል ዩቪ (የማይታየውን የፀሀይ ጨረር) የሚከላከል መነፅር ያድርግ።

ድንገት ነጩ ላይ ደማቅ ቀይ ደም ፈሶ ሲታይ ያስደነግጣል፣ ህመም ከሌለውና እይታን ካልነካ ግን ባብዛኛው በ2 ሳምንት ገደማ ራሱ ይጠፋል። ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ነጩ ላይ የሚታየው ቡኒ ጥላም ብዙውን ጊዜ ተፈጥሮ ነው፣ አዲስ የወጣ ወይም እያደገ ያለ ነጥብ ከሆነ ግን ይታይ። ቢጫ መሆን ሌላ ነገር ነው፣ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ንጥረ ነገር ደም ውስጥ በዝቶ ስለሚሆን ጉበት፣ ሀሞት ወይ ደም መመርመር አለበት፣ ጠብታ ምንም አይሰራለትም። ቅላቱ ከህመም፣ ከእይታ መደብዘዝ ወይ ብርሃን ከመፍራት ጋር ከመጣ የዛኑ ቀን ሀኪም ጋ መሄድ ነው፣ ኬሚካል ከገባ ደግሞ ማንንም ሳይጠብቁ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በብዙ ንፁህ ውሃ እያጠቡ ከዛ ወደ ህክምና።