ዲያስቶል ምንድን ነው? ወላጆቻቸው ደም ግፊት ባለባቸው ልጆች ላይስ ለምን ይመረመራል?

ግፊት ስንለካ ሁለት ቁጥር ይነገረናል። ላይኛው ልብ ተኮማትሮ ደም ሲረጭ፣ ታችኛው ደግሞ ልብ ሲላላ በደም ሥር ውስጥ ያለው ግፊት ነው። ዲያስቶል የሚባለው ልብ ላልቶ በደም የሚሞላበት ይህ ጊዜ ነው።

ልብ ላላ ሲባል ሥራ የፈታ እንዳይመስለን። በደቂቃ 75 ጊዜ የሚመታ ልብ አንዱን ምት በ0.8 ሰከንድ ይጨርሳል፤ ከዚህ 0.5 ሰከንድ ያህሉ ዲያስቶል ነው። ጡንቻው እንዲላላ፣ ሲኮማተር የተለቀቀው ካልሲየም ወደ ማከማቻው መመለስ አለበት፤ ይህም ጉልበት ይጠይቃል። የልብ ጡንቻ ራሱ ደም የሚደርሰውም በአብዛኛው በዚህችው ፋታ ነው።

በጤናማ ልብ አብዛኛው ደም የልብ ታችኛው ክፍል ገና ሲላላ በፍጥነት ይገባል፤ የቀረውን የልብ የላይኛው ክፍል ገፍቶ ያስገባዋል። ለዓመታት ከከፍተኛ ግፊት ጋር የታገለ የግራ ታችኛው ክፍል ግን ይወፍራል፣ ይደድራልም። የመጀመሪያው ፍሰት ይቀንስና ሸክሙ ወደ ላይኛው ክፍል ይዞራል። ደም የመርጨት አቅሙ ገና ደህና ሳለ መላላቱ ሊታወክ ይችላል፤ ሐኪሞች ዲያስቶልን አተኩረው የሚያዩት ለዚህ ነው።

ግፊት በቤተሰብ ይሄዳል። እናት ወይም አባት ካለባቸው የልጁ ዕድል ከፍ ይላል፤ ሁለቱም ካለባቸው ይብሳል። የእነዚህን ልጆች ልብ በአልትራሳውንድ፣ ብዙዎቻችን «ኢኮ» በምንለው፣ የመረመሩ ጥናቶች በአንዳንዶቹ ላይ ግፊታቸው ጤናማ ሆኖ ሳለ የጡንቻው መጠን በትንሹ ጨምሮ ወይም መላላቱ ዘግየት ብሎ አግኝተዋል። ለውጡ በሁሉም ጥናት አልታየም፤ ሲታይም ጥቂት ነው፤ ልጆቹም የሚሰማቸው ሕመም የለም። በሽታ ብሎ ልጅን ማስፈራራት ተገቢ አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ግፊትን የአዛውንት ጉዳይ ብቻ አድርገን መተዋችን ነው። የልጁን ክብደትና ትኩሳት እናስለካለን፤ ግፊቱን ግን ማን ያስታውሳል?

ስለዚህ ልጁን ሁሉ ኢኮ ማስነሣት ሳይሆን ግፊቱን ማስለካት ይቀድማል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2017 ያወጣው መመሪያ ጤናማ ልጅም ከ3 ዓመቱ ጀምሮ በየዓመቱ እንዲለካ ይመክራል። ክንዱ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ በልክ ይሁን፤ ከጠበበ ቁጥሩ ያለአግባብ ይጨምራል፣ ከሰፋ ይቀንሳል። ልጁ እያለቀሰ ወይም ሮጦ እንደመጣ የተለካም አይታመንም። ከ13 ዓመት በታች «ከፍተኛ» የሚባለው በዕድሜ፣ በጾታና በቁመት ተሰልቶ ነው፤ ከ13 ጀምሮ 130/80 እና ከዚያ በላይ ነው። አንድ ቀን ከፍ ብሎ መገኘቱ ግን አይበቃም፤ በሦስት የተለያዩ ቀጠሮዎች መደገም አለበት።

በትንሽ ልጅ ላይ ግፊቱ በእርግጥ ከፍ ካለ ግን «ከአባቱ የወረሰው ነው» ተብሎ አይታለፍ፤ በዚያ ዕድሜ ኩላሊትም መመርመር አለበት። ሐኪሙ ባይጠይቅም ከቤተሰቡ ማን ግፊት እንዳለበትና በስንት ዓመቱ እንደጀመረው እዚያው ንገሩት።