ባሕር ማዶ እየተማሩ ፈረስ መጋለብ፦ ስለ ወጪው የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በባዕድ ከተማ የሚማር ሰው ፈረስ መጋለብ ሲያምረው ብዙውን ጊዜ ተስፋ የሚቆርጠው ዋጋ ሳይጠይቅ፣ በወሬ ብቻ ነው። ከወሬው ከፊሉ ያለ አግባብ ያስፈራራል፤ ከፊሉ ደግሞ ያለ አግባብ ያማልላል። የሚያማልለው የባሰ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የፈራ ሰው ቤቱ ይቀመጣል፣ የተማለለ ግን ገንዘቡን፣ አንዳንዴም ቪዛውን አደጋ ላይ ይጥላል።

«የሀብታም ጨዋታ ነው»

ውዱ ነገር የፈረስ ባለቤት መሆን ነው። አንድ ፈረስ በቀን ከክብደቱ ሁለት በመቶ ገደማ የሚሆን መኖ ይበላል፤ 500 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ ወደ 10 ኪሎ ድርቆሽ ይፈልጋል ማለት ነው፤ ያውም ተጋለበም አልተጋለበም። በየስድስት እስከ ስምንት ሳምንቱ ሰኮናው ይከረከማል። የጋጣ ኪራይና የእንስሳት ሐኪም ክፍያ ሲጨመርበት የብዙ ሰው ደመወዝ አይችለውም።

የግልቢያ ትምህርት ቤት ፈረስ ግን ወጪው በብዙ ተማሪዎች መካከል ይከፋፈላል። በቡድን የሚማር ሰው የአሠልጣኙንም ዋጋ ከሌሎች ጋር ይጋራል። ሆኖም ጭራሽ ጀማሪ የሆነ ሰው ገና በመጀመሪያው ቀን ወደ ቡድን ባይገባ እመርጣለሁ። መጀመሪያ ለብቻው ጥቂት ትምህርት ቢወስድ፣ አሠልጣኙ ፈረሱን በረጅም ገመድ ይዞ ክብ ሲያዞርለት ልጓም ሳይጨብጥ ሚዛን መጠበቅን ብቻ ይማራል። ያ ካልሆነ በቡድኑ ውስጥ የከፈለበትን ሰዓት አብዛኛውን ተራ በመጠበቅና ኮርቻ ላይ በመንጠልጠል ይጨርሰዋል። ዋጋ ስትጠይቁም በሥራ ቀን፣ እኩለ ቀን አካባቢ ያለውን ሰዓት ጨምራችሁ ጠይቁ። ሠራተኛውም የትምህርት ቤት ልጁም በዚያ ሰዓት ስለማይመጣ ፈረሶቹ ሥራ ፈትተው ይቆማሉ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደግሞ ክፍል የሌለው ማክሰኞ ከሰዓት አያጣም።

«ከተማ ውስጥ ፈረስ ከየት ይመጣል?»

ይመጣል። ለንደን መሀል በሚገኘው ሃይድ ፓርክ ዛሬም ይጋለባል፤ ሮትን ሮው የተባለው የፈረስ መንገድ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ አለ። በፓሪስም ቡዋ ደ ቡሎኝ የፈረስ ክለቦች አሉት። ችግሩ መሀል ከተማ መሬት ውድ ስለሆነ ያ ውድነት በግልቢያው ዋጋ ላይ መታየቱ ነው። ስለዚህ ካርታ ስትመለከቱ ዓይናችሁን ከመሀል አንሥታችሁ የባቡር መስመሮቹ የሚያልቁበትን ዳርቻ ፈልጉ። ከመጨረሻው ፌርማታ ወዲያ ምን ያህል በእግር እንደሚያስኬድና የማታው አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚቆም አስቀድማችሁ አጣሩ። ርካሽ ትምህርት ተገኝቶ መመለሻው ታክሲ ከሆነ ሒሳቡ ይፈርሳል።

«የዩኒቨርሲቲ ክለብ ለሠለጠኑ ፈረሰኞች ብቻ ነው»

ይህ ወሬ ብዙ ተማሪ ከደጁ ያለውን ዕድል እንዲያልፍ ያደርጋል። በአሜሪካ ከ1967 ጀምሮ የሚካሄደው የኮሌጆች የፈረስ ግልቢያ ውድድር የተዘጋጀው ፈረስ ለሌለው ተማሪ ጭምር ነው፦ ፈረሶቹን አስተናጋጁ ቡድን ያቀርባል፤ ተወዳዳሪው የሚጋልበውን በዕጣ ያገኛል፤ ከእርምጃና ከሶምሶማ ላላለፉ ጀማሪዎችም የራሳቸው ምድብ አላቸው። በብሪታንያም የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር የሚካሄደው በተመሳሳይ መንገድ፣ አስተናጋጁ በሚያቀርባቸው ፈረሶች ነው። ክለቦቹ አብዛኛውን ጊዜ በአቅራቢያ ካለ የግልቢያ ትምህርት ቤት ጋር ተዋውለው ለአባላት ዋጋ ያስቀንሳሉ፤ መኪና ያለው አባልም ሌሎቹን ይዞ ይሄዳል። በጀርመን ደግሞ የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ክፍል ራሱ የግልቢያ ኮርስ የሚያዘጋጅበት ብዙ ቦታ አለ። ቦታው ግን በየሴሚስተሩ የመጀመሪያ ሳምንታት ይሞላል፤ ፈተና ካለፈ በኋላ እመዘገባለሁ ያለ ሰው ለቀጣዩ ሴሚስተር ይተርፋል።

«ጋጣ አጽድቼ በነፃ እጋልባለሁ»

የሚያማልለው ወሬ ይህ ነው። ሥራው እውነተኛ ሥራ ነው፦ በጠዋት በሽንት የራሰውን ጉዝጓዝ በመንሽ ከደረቁ መለየት፣ ፍጉን በጋሪ ገፍቶ ማውጣት፣ ውኃ መሸከም፣ የእያንዳንዱን ፈረስ አራት እግር አንሥቶ በሰኮናው ውስጥ የተጠቀጠቀውን ጭቃና ጠጠር መጎርጎር። ልምድ የሌለው ሰው ፈጣን ስላልሆነ ባለቤቱ የሚሰጠው የግልቢያ ሰዓት ከድካሙ ጋር አይመጣጠንም። ቃል የተገባውም ግልቢያ «ዛሬ ፈረሱ ደክሟል» በሚል ለሳምንታት ሊራዘም ይችላል። ስንት ሰዓት ሥራ ለስንት ሰዓት ግልቢያ እንደሆነ በጽሑፍ ሳይሰፍር መንሽ አትጨብጡ።

ከዚህ የሚከብደው የቪዛው ጉዳይ ነው። ገንዘብ በእጅ አለመቀበል ሥራ አለመሥራት ማለት አይደለም። በአሜሪካ በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው በገንዘብ ፋንታ ትምህርት ወይም ሌላ ጥቅም ቢቀበል ያልተፈቀደ ሥራ እንደ ሠራ ሊቆጠርበት ይችላል። በብሪታንያ በዲግሪ ደረጃ የሚማሩ የውጭ ተማሪዎች በትምህርት ወቅት ባብዛኛው በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ መሥራት አይፈቀድላቸውም፤ ያለ ደመወዝ የሚሠራ ሥራም ከዚሁ ይቆጠራል። ከባለ ጋጣው ጋር ከመስማማታችሁ በፊት የዩኒቨርሲቲያችሁን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ጠይቁ። የባለ ጋጣው «ሁሉም እንዲህ ያደርጋል» የሚል መልስ ዋስትና አይሆንም።

የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ሌላ ነገር ነው። ለምሳሌ በብሪታንያ አካል ጉዳተኞችን በሚያስጋልብ ማኅበር ውስጥ ፈቃደኞች ፈረስ እየመሩ ወይም ከጋላቢው ጎን እየሄዱ ያግዛሉ። በምላሹ ግልቢያ ላይኖር ይችላል። ፈረስ መያዝ፣ መቦረሽና መጫን ግን ትማራላችሁ፤ ከሁሉ በላይ ባለ ፈረሶቹ ፊታችሁን ይለምዳሉ።

«ፈረስ መጋራት ለማንም ይሆናል»

ፊት መለመዱ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በጀርመንም በፈረንሳይም የፈረስ ባለቤት በሳምንት ለተወሰኑ ቀናት ፈረሱን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ወጪውን መጋራት የተለመደ ነው። አዘውትሮ ለሚጋልብ ሰው በሰዓት ሲሰላ ከትምህርት ቤት ሊረክስ ይችላል። ነገር ግን ማንም ፈረሱን ለጀማሪ አይሰጥም፤ መጀመሪያ ጋልባችሁ ታሳያላችሁ። የሦስት ወር ልምድን የሦስት ዓመት አድርጎ የሚያወራ ሰው እርካብ ሲረግጥ ይታወቅበታል። ፈረሱ ቢጎዳ ወይም ሰው ቢጎዳ ማን እንደሚከፍል፣ ኢንሹራንሱ ባለቤት ያልሆነውን ጋላቢ ይሸፍን እንደሆነ በውሉ ውስጥ ይግባ።

«በጣም ርካሹን መርጬ እሄዳለሁ»

ከመክፈላችሁ በፊት ጋጣውን ጎብኙ። አያስጎበኙም? ሌላ ፈልጉ። ኮርቻው የሚያርፍበትን ጀርባ አስፈቅዳችሁ በመዳፍ ዳስሱት። ፈረሱ ከእጃችሁ ሥር ከሸሸ ወይም ጆሮውን ወደ ኋላ ካጣበቀ ጀርባው ሊያመው ይችላል። በጠቆረ ጸጉር መሀል ነጭ ነጠብጣብ ብቅ ካለ ብዙውን ጊዜ የድሮ የኮርቻ ቁስል ምልክት ነው፤ የጎድን አጥንት ከሩቅ የሚቆጠርበትና ሰኮናው ተሰንጥቆ የረዘመበት ፈረስም የቅናሹን ምንጭ ይነግራችኋል። የሚያመው ፈረስ ላይ መማር ለጋላቢውም አደጋ ነው።

«መጀመሪያ ሙሉ ልብስና ዕቃ ልግዛ»

አያስፈልግም። ብዙ ትምህርት ቤቶች የራስ ቁር ያውሳሉ። ጫማው ሶሉ ጥርስ የሌለው ልሙጥ፣ አጭር ተረከዝ ያለው ቢሆን ይበቃል፤ ተረከዙ እግር በእርካቡ ውስጥ ሾልኮ እንዳይቀረቀር ያግዳል። ሱሪው በእግር ውስጠኛው በኩል ወፍራም ስፌት አይኑረው፤ ቆዳ ይልጣል። ከቆያችሁበት መጀመሪያ የምትገዙት የራስ ቁር ይሁን፤ እሱንም አዲስ ግዙ። አንዴ በውድቀት የተመታ ቁር ከውጭ ምንም ሳይታይበት ውስጡ ሊጎዳ ስለሚችል፣ ከማታውቁት ሰው በግማሽ ዋጋ የተገኘ ቁር ቅናሽ አይባልም። ኮርቻና ልጓም የትምህርት ቤቱ ናቸው።