ዲናሞ ምንድን ነው? ባትሪ ከመቀየራችሁ በፊት

ስድስት ኪሎ ጎረቤቴ የሆኑ፣ እኔ ጋሼ የምላቸው ሰው ባለፈው ክረምት በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ባትሪ ገዙ። የድሮ ናፍጣ ሃይሉክስ ፒክአፕ አላቸው። ማታ ግቢ ያስገቡታል። ጠዋት ቁልፉን ሲያዞሩ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ጠቅ ይልና ዝም። የሰፈር ልጆች ይጠራሉ፣ ይገፋል፣ ይነሳል። ሁለተኛው ባትሪም ሲሞት ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ይዤ ሄድኩ። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ስለካ 12.1 ቮልት አገኘሁ። ባትሪው ምንም አላጠፋም። ዲናሞው ነው መሙላት ያቆመው።

ዲናሞ የምንለው ዕቃ ትክክለኛ ስሙ አልተርኔተር ነው። ድሮ መኪና ላይ የሚገጠመው በእርግጥም ዲናሞ ነበር፤ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ግን በቅጡ አይሞላም። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ አልተርኔተር ቦታውን ወሰደው፣ ስሙ ግን ቀረ። ዕቃ መሸጫም ሄዳችሁ ዲናሞ ብትሉ ይገባቸዋል። እኔም እንደዚያው እላለሁ።

ሞተሩ ሲዞር ቺንጋው (የጎማ ቀበቶው) ዲናሞውን ያዞረዋል። ውስጡ ያለው ሮተር በሁለት ትንንሽ ካርቦኖች በኩል ኤሌክትሪክ ይደርሰውና ማግኔት ይሆናል። እሱ ሲሽከረከር ዙሪያውን ያለው የመዳብ ጥምጥም ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ይህ ኤሌክትሪክ አቅጣጫው ስለሚለዋወጥ ባትሪ አይቀበለውም። ዳዮዶቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፉታል፣ ሬጉሌተሩ ደግሞ 14 ቮልት አካባቢ ይይዘዋል። የባትሪው ዋና ሥራ ሞተሩን ማስነሳት ነው። ከዚያ በኋላ መብራቱንም፣ ዋይፐሩንም፣ ሬዲዮውንም የሚቀልበው ዲናሞው ነው፤ ባትሪው የከሰረውንም መልሶ ይሞላለታል።

ክረምት ላይ አመሻሽ፣ ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ስትወርዱ አስቡት። ዝናብ ነው፣ መንገዱ ተዘግቷል። መብራት፣ ዋይፐር፣ ፋን ሁሉ በርቷል። መኪናው ቆሟል፣ ሞተሩ ቀስ ብሎ ይዞራል። እንዲህ ሲሆን ጤነኛ ዲናሞ እንኳ የሚያመነጨው ይቀንሳል። የደከመ ከሆነማ መብራቱ ደብዘዝ ይላል፣ ነዳጅ ስትረግጡ ይደምቃል። ይህን ካያችሁ ነገ ዛሬ አትበሉ። ዳሽቦርዱ ላይ የምትበራው ቀይዋ የባትሪ ምልክትም ባትሪ ግዙ ማለቷ አይደለም። ባትሪው እየተሞላ አይደለም ማለቷ ነው።

መለካት ቀላል ነው። ቴስተሩን ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርጉት። ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ 12.6 አካባቢ ካሳየ ባትሪው ሙሉ ነው። 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህሉ ባዶ ነው። ከዚያ አስነሱት። ከ13.8 እስከ 14.5 ማሳየት አለበት። መብራቱንና ፋኑን አብሩና እንደገና እዩ፤ ከ13 በታች መውረድ የለበትም። ከ15 ካለፈ ሬጉሌተሩ ተበላሽቷል፣ ባትሪውን እየቀቀለው ነው። ጭራሽ ካልጨመረ መፍታት አትጀምሩ። መጀመሪያ ቺንጋው ላልቶ እንደሆነ፣ የባትሪው ራስ ነጭ ዝገት ይዞ እንደሆነ፣ ፊውዝ ተቃጥሎ እንደሆነ እዩ።

አንድ ልማድ ግን እባካችሁ ተዉ። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ "ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው" ማለት። ባትሪው ሲነቀል ቮልቴጁ በድንገት ይዘላል። ዳዮዶቹን ሊያቃጥል፣ አዳዲስ መኪና ላይ ደግሞ ኮምፒውተሩን ይዞ ሊሄድ ይችላል። በዚህ ሙከራ ደህና ዲናሞ ሲቃጠል አይቻለሁ።

ለመፍታት በመጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ። ከዲናሞው ጀርባ ያለው ወፍራም ገመድ ሞተሩ ጠፍቶም በቀጥታ ከባትሪው ጋር ነው። ኔጌቲቩ ሳይነቀል ቁልፋችሁ እሱንና ብረት አብሮ ከነካ እሳት ይረጫል። ከመንካታችሁ በፊት ሁሉንም በስልክ ፎቶ አንሱ። ከዚያ ሶኬቱን፣ ወፍራሙን ገመድ፣ ማወጠሪያውን፣ ቺንጋውን፣ በመጨረሻም የያዙትን ብሎኖች።

የድሮ ናፍጣ ሃይሉክስ፣ ማለትም 2ኤል፣ 3ኤል ወይም 5ኤል ሞተር ያለው፣ ከዚህ የሚለይበት ነገር አለ። ከዲናሞው ጀርባ ቫኪዩም ፓምፕ (አየር የሚስብ ፓምፕ) ተያይዟል። የሞተር ዘይት በቱቦ ይገባበታል፣ ይወጣበታል። ፍሬኑን የሚያቀለውም እሱ ነው። የቫኪዩሙ የጎማ ቱቦ ሳይገባ ከቀረ የፍሬኑ ፔዳል ድንጋይ ይሆናል። ከእንጦጦ በሽሮ ሜዳ ለሚወርድ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ገጥማችሁ ስትጨርሱ ግቢ ውስጥ ሞተሩን አስነሱና ፍሬኑን ደጋግማችሁ ርገጡ። ዘይት የሚያንጠባጥብ እንዳለም ዝቅ ብላችሁ እዩ።

ዲናሞ ለመግዛት ሶማሌ ተራ ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጡና የሶኬቱን እግሮች፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን፣ የፑሊውን (ቺንጋው የሚዞርበትን) መስመሮች፣ አምፔሩን አስተያዩ። ግን መጀመሪያ ያላችሁ እንዲፈተሽ አድርጉ። ብዙ ጊዜ ያለቀው ካርቦኑ ብቻ ነው፣ ወይም የሚጮኸው ኩሽኔታው (ሮተሩ የሚሽከረከርበት) ነው። እነዚህ ለብቻቸው ይቀየራሉ፣ ወጪውም ከሙሉ ዲናሞ ጋር አይወዳደርም።

የጋሼ ሲፈታ ካርቦኖቹ ተበልተው የጥፍር ያህል ቀርተዋል። እነሱ ተቀየሩ። የሞተውን ባትሪ ግን መጀመሪያ በቻርጀር ሞላነው፤ ባዶ ባትሪ አሸክሞ ዲናሞ ማስጨነቅ አዲሱንም ሊያቃጥል ይችላል። ገጥመን አስነሳነው። 14.2 ቮልት። ጋሼ ቴስተሩን ከእጄ ወስደው ራሳቸው ደግመው ለኩት።