የናሳ ፎቶ «ነፃ ነው» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጠፈርተኛው ባዝ አልድሪን እ.ኤ.አ. በ1969 ጨረቃ ላይ ቆሞ የተነሳውን ፎቶ የማያውቅ ጥቂት ነው። ካሜራውን የያዘው ባልደረባው ኒል አርምስትሮንግ ነበር። ታዲያ የፎቶው የቅጂ መብት የማን ነው? የማንም አይደለም። በአሜሪካ ሕግ፣ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ በሥራው ምክንያት ያዘጋጀው ነገር እዚያው አገር ውስጥ የቅጂ መብት አይኖረውም። አርምስትሮንግ ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የጠፈር ድርጅት የሆነው የናሳ ተቀጣሪ ነበር።

ፍሎሪዳ በሚገኘው በኬኔዲ የጠፈር ማዕከል የናሳ ሠራተኞች የሚያነሷቸው ፎቶዎችም እንዲሁ ናቸው። ሮኬት በግዙፍ ተሸካሚ ላይ ቆሞ ቀስ እያለ ወደ ማስወንጨፊያው ሲሄድ፣ ነጭ ልብስ የለበሱ ቴክኒሻኖች ሳተላይት ሲፈትሹ። እኔ ከጠፈሩ ፎቶ ይልቅ እነዚህን እወዳለሁ። የሰው ልፋት ይታይባቸዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ናሳ ድረ ገጽ ላይ ያለ ፎቶ ሁሉ የናሳ አይደለም። ከፎቶው ሥር የተጻፈውን የባለቤት ስም አንብቡ። የግል ኩባንያ ወይም የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ ስም ካለበት ሕጉ ሌላ ነው፤ ፈቃድ ሊያስፈልግ ይችላል።

ሰማያዊው ክብ የናሳ አርማም በሕግ የተጠበቀ ነው። ቲሸርት ላይ አትሞ ለመሸጥ ፈቃድ ይጠየቃል። የጠፈርተኛን ፊት ለንግድ ማስታወቂያ መጠቀምም ሌላ ጣጣ አለው፤ ሰውየው በራሱ ምስል ላይ መብት አለው። ናሳ ምርታችሁን የሚደግፍ ማስመሰልም አይፈቀድም።

ለትምህርት ቤት ፖስተር ግን የናሳን ፎቶ ያለ ስጋት ተጠቀሙ። ሥሩ «ፎቶ፦ ናሳ» ብላችሁ ጻፉ።