የወተት ማሰባሰቢያ ማዕከል ምንድን ነው?

አንድ ሁለት ላም ያለው ገበሬ ትልቁ ችግሩ የወተት ማነስ ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ሰዓት ነው። ወተት ከላሟ ሲታለብ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይሞቃል። ባክቴሪያ የሚወደው ይህንኑ ነው። ሳይቀዘቅዝ ጥቂት ሰዓት ከቆየ መኮምጠጥ ይጀምራል። እህል ዋጋ እስኪያወጣ ጎተራ ውስጥ ይጠብቃል፤ ወተት አይጠብቅም።

ፋብሪካ ደግሞ ለአምስት ሊትር ብሎ መኪና አይልክም። ማሰባሰቢያ ማዕከል የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የአካባቢው ገበሬዎች ያለቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። ወተቱ ይለካል፣ ይመረመራል፣ ታንክ ውስጥ ገብቶ እስከ 4 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። መኪናው መጥቶ የሁሉንም በአንዴ ይጭናል።

ምርመራውን ቀረብ ብለን እንየው። ተቀባዩ መጀመሪያ ያሸታል። ከዚያ ላክቶሜትር የሚባለውን የመስታወት መለኪያ ወተቱ ውስጥ ያስገባል። ውሃ ከገባበት መለኪያው ከወትሮው ይልቅ ጠልቆ ይሰምጣል። ቀጥሎ ትንሽ ወተት ከእኩል አልኮል ጋር ቀላቅሎ ይነቀንቃል። ወተቱ ከተቋጠረ መኮምጠጥ ጀምሯል ተብሎ ይመለሳል፤ የዚያን ቀን ልፋት ባዶ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ምርመራው ገበሬው እያየ መደረግ አለበት እላለሁ። ሚዛኑንና መርማሪውን ያላመነ ሰው ነገ ወተቱን ለደላላ ነው የሚሰጠው።

ሕንድ፣ ጉጃራት ውስጥ የካይራ ገበሬዎች እ.ኤ.አ. በ1946 ማህበር ያቋቋሙት ወተታቸውን በርካሽ የሚወስድባቸው ነጋዴ ስላስመረራቸው ነው። ዛሬ አሙል በሚል ስም የሚታወቀው የወተት ድርጅት የእነሱ ሥራ ነው። በመንደሩ ወተት የሚሰበሰበው ጠዋትና ማታ ነው፤ የሚከፈለውም ስቡ ተለክቶ ነው።

በብዙ አገር ግን ማዕከሉ የሚከፈተው ጠዋት ብቻ ነው። የማታው ወተት እቤት ይቀራል። ልጆች ይጠጡታል፣ የተረፈው ይረጋና ቅቤ ይወጣዋል። ይሄ ክፉ ነገር አይደለም፤ እንዲያውም ሁሉም ወተት ተሸጦ የልጆች ኩባያ ባዶ ሲቀር ነው የሚያሳዝነኝ።

ሌላም ነገር አለ። የቅቤው ገንዘብ ብዙ ቦታ በሴቷ እጅ ነው የሚገባው። ወተቱ ማዕከል ሲገባ ግን ክፍያው መዝገብ ላይ ስሙ ላለ ሰው ነው፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ባልየው ነው። ያለበችው እሷ፣ የፈረመው እሱ። ሕንድ ውስጥ አባሎቻቸው ሴቶች ብቻ የሆኑ የወተት ማህበራት አሉ፤ እዚያ መዝገቡ ላይ ያለው የእሷ ስም ነው።