ከድሬዳዋ እስከ ሀምቡርግ፦ የወንዝ ወደቦችና የመርከብ መሪ ክፍል

ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በባቡር ምክንያት ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ የሐረርን አቀበት መውጣቱ ወጪው ስለከበደ በ1902 እ.ኤ.አ. ከግርጌው አረፈ። ከተማዋ ከባሕር 300 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም ሥራዋ የወደብ ሥራ ነው፦ የሐረርጌ ቡና በመጋዘኖቿ ተበጥሮና ተለቅሞ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል። ጀርመን ከኢትዮጵያ ቡና ዋና ገዢዎች አንዷ ናት፤ የቡናዋም ትልቅ በር ሀምቡርግ ነው። ሀምቡርግ ደግሞ የባሕር ዳርቻ ከተማ አይደለችም፤ ከሰሜን ባሕር ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ገብታ በኤልበ ወንዝ ላይ ተቀምጣለች።

የድሬዳዋ ሰው የሚያውቀው ወንዝ ከላይ የሚሞላ ነው። ደቻቱ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ይቆይና ደጋው ላይ ሲዘንብ በድንገት ይደርሳል፤ በነሐሴ 2006 እ.ኤ.አ. ከ200 በላይ ሰው ፈጅቷል። ኤልበ ግን ከአፉም ይሞላል። የጨረቃና የፀሐይ ስበት ባሕሩን ሲያነሣው ውሃው ወንዙን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ከስድስት ሰዓት ገደማ በኋላ ይሸሻል። በሀምቡርግ በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው ልዩነት ከ3 ሜትር ተኩል ያልፋል፤ በሼልድት ወንዝ ላይ ባለችው የቤልጂየም ወደብ አንትወርፕ 5 ሜትር ገደማ ነው። በምጽዋና በአሰብ ግን አንድ ሜትር እንኳ ከሞላ ብዙ ነው።

መርከበኞች ስለ እነዚህ ወንዞች ሲያወሱ ከሁሉ የሚያነሡት ሰዓቱን ነው። ሙላቱ ከባሕር ወደ ላይ ስለሚጓዝ የሚገባ መርከብ አብሮት ይሄዳል፤ ረጅሙን መንገድ በከፍተኛ ውሃ ይጨርሰዋል። የሚወጣው ግን እየጎደለ ያለውን ውሃ መንገድ ላይ ያገኘዋል፤ ስለዚህ ጭነት ለከበደው መርከብ መውጫው ከመግቢያው የጠበበ ነው። በጥልቀት አልባ ቦታ መፍጠንም አያዋጣም፤ መርከቡ በፈጠነ ቁጥር ይበልጥ ወደ ታች ዝቅ ይላል። ጨው የሌለው ውሃም ቀለል ስለሚል፣ 10 ሜትር የሚጠልቀው መርከብ ወንዝ ሲገባ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨምራል። በወንዙ ወለል ላይ ያለው ደለል ቦታውን ስለሚቀያይር፣ በገመድ መሰላል የሚሳፈረው የአካባቢው ፓይለት፣ ማለትም ወንዙን የሚያውቀው መንገድ መሪ፣ ግድ ነው። ፓይለቱ ቢመራም ኃላፊነቱ ከካፒቴኑ ጫንቃ አይወርድም።

የኢትዮጵያ የንግድ መርከብ ድርጅት በ1964 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት መሪ ክፍሉ ሌላ ዓለም ነበር። ለሞተር ክፍል ትእዛዝ የሚተላለፈው ደወል ባለው የናስ ቴሌግራፍ ነበር፤ ቦታ የሚወሰነው በወረቀት ካርታ ላይ በእርሳስና በማስመሪያ ነበር። የካርታው እርማት በየሳምንቱ ይመጣል፤ በእጅ ያረመው ወጣት መኮንን ቀለሙ ጣቱ ላይ ይቀራል። ራዳር ቢኖርም ምስሉን ለማንበብ ፊትን በጎማ መከለያ ውስጥ መክተት ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ጂፒኤስና የኤሌክትሮኒክ ካርታ አብረው ይሠራሉ፤ ካርታው ከ2012 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት በየመርከቡ ዓይነት ግዴታ ሆኗል። ፓይለቱም የራሱን ታብሌት ይዞ ይወጣል። ያልተለወጠው መሪ ጨባጩ ነው፤ ዛሬም የታዘዘውን ዲግሪ ጮክ ብሎ ይደግማል፣ ከዚያ ያዞራል።

ቻይና ተሠርተው ለኢትዮጵያ ከመጡት ዘጠኝ መርከቦች አንዱ «ሐረር» ይባላል። በባሕር ዳር ከተማ ለመርከብ ሥራ የሚሰለጥኑት ወጣቶች በብዛት የሞተርና የኤሌክትሪክ መኮንኖች ናቸው፤ ስለዚህ መሪ ክፍሉን ከውስጥ የሚያስታውሱት ይበልጡን የቀድሞው ትውልድ ሰዎች ይመስሉኛል። ቡናውም አሁን በኮንቴይነር ይጓዛል፤ ድሮ ጆንያ ለማራገፍ ቀናት ይፈጅ የነበረው መርከብ በሰዓታት ይጨርስና የሚቀጥለውን ሙላት ይጠብቃል።