ተስተካካይ የማይክሮዌቭ ፊልተር

ተስተካካይ ፊልተር ከአንቴና ከሚገባው የሞገድ ጋጋታ መሀል የተፈለገውን ብቻ አሳልፎ ሌላውን ያስቀራል። የሚያሳልፈውን ሞገድ ደግሞ እንዳሻን መቀየር ይቻላል። ማይክሮዌቭ ሲባል የወጥ ማሞቂያውን እንተወው፤ በሰፊው አቆጣጠር ከ300 ሜጋኸርዝ እስከ 300 ጊጋኸርዝ ያለው ክልል ነው።

ነገሩ ለጎንደር ሰው እንግዳ አይደለም። ፒያሳ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ጎራ ይበሉ። የአሮጌ ሬዲዮ ሆድ ሲከፈት፣ ከጣቢያ መፈለጊያው ቁልፍ ጀርባ እርስ በርስ የሚጠላለፉ ስስ ሳህኖች ይታያሉ። ተለዋዋጭ ካፓሲተር፣ ማለትም መጠኑ የሚቀየር የኤሌክትሪክ ቻርጅ ማጠራቀሚያ ነው። ሳህኖቹ ሲገቡ ካፓሲታንሱ፣ ማለትም የማጠራቀም አቅሙ፣ ይጨምራል፣ ፍሪኩዌንሲው ይወርዳል። ሲወጡ ተቃራኒው ነው። ግን ሒሳቡ ቆንጠጥ ያደርጋል፦ ፍሪኩዌንሲውን በእጥፍ ለማሳደግ ካፓሲታንሱን ወደ ሩብ ማውረድ ግድ ነው።

የፊልተርን ሐሳብ በ1915 እ.ኤ.አ. ገደማ አሜሪካዊው ካምቤልና ጀርመናዊው ዋግነር ለየብቻ ደረሱበት። ማን ቀደመ የሚለውን ለተከራካሪዎቹ እንተወው። በ1963 መሐንዲሱ ማታይ ኮምብላይን የተባለውን ቅርጽ አቀረበ። ኮምብ በእንግሊዝኛ ሚዶ ነውና ስሙ ልክ ነው፤ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን የተደረደሩት የመዳብ ጥርሶች ቁርጥ ሚዶ ይመስላሉ። በ1982 መሐንዲሶቹ ሀንተርና ሮድስ ይህንኑ ሚዶ በቮልቴጅ የሚስተካከል አደረጉት። ለእኔ ትልቁ እርምጃ ይሄ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የእያንዳንዱ ጥርስ አንድ ጫፍ ከሰሌዳው መሬት (ግራውንድ) ጋር ይገናኛል፤ ሌላው ጫፍ ላይ ቫራክተር ዳዮድ ይበየዳል። ዳዮድ ኮረንቲን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ ነው። ቫራክተር በግልባጭ ቮልቴጅ ሲሰጠው እንደ ካፓሲተር ይሠራል፤ ቮልቴጁ ሲጨምር ካፓሲታንሱ ይቀንሳል። እንግዲህ ሳህን ማዞር ቀረ ማለት ነው። ጥርሱ አብዛኛውን ጊዜ የሞገዱ ርዝመት አንድ ስምንተኛ ይሆናል። ኤፍአር-4 በሚባለው ተራ አረንጓዴ ሰሌዳ ላይ ለ900 ሜጋኸርዝ 2 ሴንቲ ሜትር ከምናምን ይመጣል። ቤቴ ጠረጴዛ ላይ የሠራሁት የመጀመሪያው ምንም አልንቀሳቀስ አለኝ። ለካስ አንዱን ዳዮድ ገልብጬ በይጄው ኖሯል! ካፓሲተር መሆኑ ቀርቶ ዝም ብሎ ኮረንቲ ያሳልፋል።

ችግሩ ብክነት ነው። የኤፍአር-4 ሪዞኔተር፣ ማለትም የእያንዳንዱ ጥርስ፣ የጥራት መጠን፣ ማለትም ኪው፣ 50 አካባቢ ላይ ይቆማል። ቫራክተሩም የራሱን ድርሻ ይበላል። ስለዚህ ማለፊያው፣ ማለትም የሚያልፈው የፍሪኩዌንሲ ክልል፣ በጠበበ ቁጥር የሚፈለገው ሲግናልም አብሮ ይደክማል። ሌላም አለ። ጎንደር ኮረብታማ ናት፤ የስልክ ማማ ሰፈር መሀል ይቆማል። ከቅርብ የሚመጣ ኃይለኛ ሲግናል የዳዮዱን ካፓሲታንስ ራሱ ያወዛውዘውና ያልነበረ ፍሪኩዌንሲ ይፈጥራል። መድኃኒቱ ሁለት ዳዮዶችን ጀርባ ለጀርባ መግጠም ነው። ሙሉ በሙሉ ባያድንም በደንብ ያስታግሳል።

ከቫራክተር ሌላም ማስተካከያ አለ። ዪግ የሚባለው ክሪስታል በማግኔት ይስተካከላል። ኪውው ከፍተኛ ነው፣ ሰፊ ክልልም ይሸፍናል፤ ግን ኮረንቲ ይበላል፣ ዝግተኛም ነው። ሌላው አማራጭ ሜምስ ደቃቅ ሜካኒካል ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ ብክነቱ ትንሽ ነው።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1954 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ለጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛነት ነበር። ዛሬ ያ አንጋፋ ተቋም የኤሌክትሪካል ምህንድስናም ያስተምራል። ተማሪ ከቫራክተሩ ቢጀምር ይሻለዋል፤ አንድ ሰሌዳ፣ ጥቂት ዳዮዶችና የብየዳ ብረት ይበቁታል። ዳዮዱ ላይ ያለችውን የአቅጣጫ መስመር ግን ሁለቴ ይይ።